በጨረቃ ብርሃን የሰው ፊት ማንሳት፦ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጋር ያገኘሁት ተሞክሮ

ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅና ሸማ የሚሸምን ሰው በአገራችን በብዙ አካባቢ «ቡዳ» እየተባለ ኖሯል። ይህን ስም ያሸከሙት ሰዎች ለባለእጁ ሁለት ነገር ሰጥተውታል፤ አንዱ የሚጎዳ ዓይን ነው፣ ሁለተኛው ሌሊት ነው። በዓይኑ ልጅ ይበላል ይባላል፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። የሰው ፊት ፎቶግራፍ በማንሳት የምተዳደር እንደመሆኔ፣ ከዚህ እምነት ጋር ለመሟገት በእጄ ያለው መሣሪያ ካሜራ ብቻ ነበር፤ ዓይንንም ሌሊትንም ባንድ ላይ አድርጎ ለማሳየት ደግሞ ከጨረቃ ብርሃን የተሻለ አላገኘሁም። በአዲስ አበባ፣ በቀጨኔ ከሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጋር የሠራሁትን ሥራ የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት የሚያስቡ ባልደረቦቼ ብርሃኑን እንዴት እንደሚይዙትና ከሰዎቹ ጋር እንዴት እንደሚስማሙ እንዲያውቁ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በብዙ ቦታ ርስት ያልነበረውን ባለእጅ አርሶ የመብላት መብት ሰጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች በማኅበራዊ አመጣጣቸው ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ግን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል እስከተጓዙበት ጊዜ ድረስ ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ስሙ ፈጽሞ አልጠፋም። ሕግ ማዕድ ላይ አብሮ አይቀመጥም፣ ሽምግልና ሲላክም ደጅ ቆሞ አይሰማም። በቀጨኔ በተሠራ ጀበና የከተማው ሰው ቡናውን ያፈላል፤ የሠሪዋ ቤት ገብቶ ቡና ለመጠጣት ግን የሚያመነታ ጎረቤት እንደነበረና አሁንም እንዳለ የነገሩኝ እናቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ሐሳቡን ያቀረብኩላቸው ዕቃ በሚሸጡበት ቦታ ነው። ከእናቶቹ የአንዷ ልጅ፣ ትምህርቷን የጨረሰች ወጣት፣ አጥብቃ ተቃወመችኝ። «ጋሼ፣ ሌሊት ይወጣሉ የተባልነውን እኛን ደግሞ በሌሊት ሊያነሱን ነው? ይህ ስሙን ማጽናት አይሆንም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ እኔም ለመመለስ አልቸኮልኩም። የመለሱላት በዕድሜ ትልቋ እናት ናቸው፤ «ሌሊቱን የሰጡን እነሱ ናቸው፤ እኛማ ሌሊት እንደ ሰው እንተኛለን። ፊታችን ሲመሽም የሰው ፊት መሆኑን ይዩት» አሏት። ልጅቷ በመጨረሻ የተስማማችው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ነው፤ ከበስተጀርባ እሳት እንዳይኖር፣ ፊት ግማሹ በጨለማ እንዳይዋጥ፣ እናቷም መንፈስ እንድትመስል ተደርጋ እንዳትወጣ። ከዚህ በኋላ የብርሃን ውሳኔዬን ሁሉ የመራኝ ይህ የልጅቷ ቃል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው የቴክኒክ ምክር ከእሱ ተለይቶ እንዳይነበብ እፈልጋለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ተቀምጦ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራ አቅንቶ መነሳት ለረጅም ጊዜ የነገሥታትና የመኳንንት ወግ ነበር፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ያነሷቸው ምስሎች የዚህ ወግ ምስክር ናቸው። ባለእጅ ግን እኔ ባየኋቸው አሮጌም ሆኑ አዳዲስ ፎቶግራፎች ዘወትር አቀርቅሮ ነው የሚታየው፤ እጁ ጭቃ ላይ ነው፣ ዓይኑም ጭቃው ላይ ነው። አንሺው ይህን የሚያደርገው ሥራውን አክብሮ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሰውየውን ከሥራው በስተቀር ሌላ መልክ የሌለው ያደርገዋል። ስለዚህ እናቶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ሌንሱን ቀጥ ብለው እንዲያዩ ተስማማን። ይጎዳል የተባለው ዓይን ተመልካቹን ፊት ለፊት ሊያየው ይገባል።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልግባ። ሙሉ ጨረቃ የምትሰጠው ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ወደ 400,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሲለካ ከ0.1 እስከ 0.3 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ግማሽ ጨረቃ የዚህን ግማሽ ትሰጣለች ብሎ መገመት አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ፀሐይ ጨረቃን በጎን ስለምታበራት ተራሮቿና ጉድጓዶቿ በራሷ ላይ ጥላ ይጥላሉ፣ የምትሰጠውም ብርሃን የሙሉዋ ጨረቃ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለሰው ፊት የሚያገለግሉት ጨረቃ ከመሙላቷ ሁለት ቀን ቀደም ብሎና ከሞላች ሁለት ቀን በኋላ ያሉት ምሽቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እኔ የምመርጠው የዋዜማዎቹን ነው። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ለመሙላት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀራት ገና ሲመሽ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አዛውንቶችና ሕፃናት ሳያመሹ ሥራው ያልቃል። ብርሃኗ ከሙሉዋ እስከ ግማሽ ሊያንስ ስለሚችል ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው። ወራቱን በተመለከተ፣ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ የታመነ ነው፤ ብርዱ ግን በእንጦጦ ግርጌ ቀላል አይደለምና ተነሺው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጋቢውን ደርቦ ይቆይ።

ከቀኑ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጥ ይወስናል። በሙሉ ጨረቃ ቀን ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኛ አገር ወደ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በሰዓት ወደ 14 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ለፊት የሚስማማው ከፍታ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ስለሆነ፣ ጥሩው ጊዜ ከምሽቱ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወደ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ጨረቃ ከራስ በላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ቅንድብ በዓይን ላይ ጥላ ይጥልና የዓይን ጎድጓዳ ጉድጓድ ይመስላል። ለሌላ ሥራ ይህ ውበት ሊሆን ይችላል። «ዓይኑ ይበላል» ተብሎ ለኖረ ሰው ግን ዓይን አልባ ምስል መሥራት ክፉ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ ካሜራዬን አጥፌ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ቦታ ሲመረጥ የመንገድ መብራት ከጨረቃ በብዙ እጥፍ እንደሚበረታ መታሰብ አለበት። ሩቅ ያለ አንድ አምፖል እንኳ የፊትን አንዱን ወገን ቢጫ ያደርጋል። እኛ የሠራነው ከመንደሩ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጎጆና አጥር የከተማውን ብርሃን በሚከልሉበት ጓሮ ነው፤ የቤቶቹ አምፖሎች ለጥቂት ጊዜ እንዲጠፉ ጎረቤቶችን ለመንን። ሸክላ የሚተኮስበት ቀን ከሆነ ፍሙ ፈጽሞ እስኪዳፈን እንጠብቃለን፤ የእሳት ቀይ ብርሃን በአንድ ጎን ሲገባ የልጅቷን የመጀመሪያ ቅድመ ሁኔታ ያፈርሳል።

የካሜራው ልክ እንዲህ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 1.8 እከፍታለሁ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ላይ አደርጋለሁ፣ ጊዜውን ከ1 እስከ 2 ሴኮንድ እሰጣለሁ። ሌንስ 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ይበቃል። ካሜራው ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይሁን፣ ቁልፉ በሪሞት ወይም በሰዓት ቆጣሪ ይጫን፣ ማቆሚያ ላይ ሲሆን የሌንሱ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ይጥፋ። ረጅም ምስል ካነሱ በኋላ ካሜራው በምስሉ ላይ የሚታየውን ብናኝ (ኖይዝ) ለማጽዳት ተጨማሪ ጊዜ የሚወስድበትን ሥርዓት አጥፉት፤ ሥራው አልቋል ወይስ አላለቀም የሚል ጥርጣሬ ተነሺውን ያደክማልና። የስክሪኑንም ብርሃን ዝቅ አድርጉ፤ በጨለማ ውስጥ የደመቀ ስክሪን ጨለማውን ምስል ብሩህ አስመስሎ ያታልላል፤ ማመን የሚገባው የምስሉን ጨለማና ብርሃን መጠን በግራፍ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ነው።

ፎከስ በጨረቃ ብርሃን በራሱ አይያዝም። ረዳት ትንሽ ባትሪ ከተነሺዋ ጉንጭ አጠገብ ይይዛል፣ ፎከሱ ዓይን ላይ ይስተካከላል፣ ከዚያ ወደ እጅ ማስተካከያ ተቀይሮ ይቆለፋል፣ ባትሪውም ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ለማንሳት አትቸኩሉ። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ተነሺዋ ካሜራውንም፣ ጓሮውንም፣ ዙሪያዋን ያሉትን ሰዎችም ማየት ስትጀምር ፊቷ ይፈታል። ስለዚህ ባትሪው ደብዛዛና ቀይ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙ አይረብሽምና።

ያለ እንቅስቃሴ ሁለት ሴኮንድ መቆየት ይቻላል፣ ነገር ግን አካል የሚደገፍበት ይፈልጋል። እናቶቹን ዱካ ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደገፍኩ፤ ትንፋሻቸውን አውጥተው ሲጨርሱ አነሳለሁ። ዓይናቸው ቢርገበገብ ምንም እንደማይሆን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የዓይን ቅጽበት ከሁለት ሴኮንድ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ስለሚወስድ በምስሉ ላይ አይታይም። ምስሉን የሚያበላሸው እይታ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ነው። ስለዚህ የሚያዩት አንድ ነገር ስጧቸው፤ እኔ ሌንሱ ላይ ነጭ ክር አስሬ ነበር።

ጨረቃ ለዓይናችን ትልቅ ትመስላለች እንጂ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጥላዋ እንደ ፀሐይ ጥላ የተቆረጠ የሚሆነውና ዓይን ውስጥም በቂ ብልጭታ የማይታየው። መድኃኒቱ በየቤቱ አለ። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ዘርግተው ሁለት ሰዎች ከተነሺዋ ፊት በታችና በጎን ሲይዙት የጨረቃን ብርሃን መልሶ ወደ ጥላው ወገን ይልካል፤ የተዋጠችው ዓይንም ትመለሳለች። ይህን ከማድረግ የሚከለክል የባለሙያ ልማድ አለ፤ ግማሽ ፊትን በጥላ መተው ጥልቀት ይሰጣል ብለን የተማርን ብዙ ነን። ትልቋ እናት ግን የሙከራ ምስል ሳሳያቸው ወዲያው ያዩት ሌላ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ ኃጥአንና አጋንንት በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ፤ «እኔንስ ከየትኛው ወገን ልታደርገኝ ነው ልጄ?» አሉኝ። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም። ጋቢውን የያዝነው ስለዚህም ጭምር ነው።

ቀለሙ የመጨረሻው የብርሃን ጉዳይ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የከበደው። የጨረቃ ብርሃን ሰማያዊ ይመስለናል፤ ይህ የሚሆነው በጨለማ ዓይናችን ለቀይ ያለውን ስሜት ስለሚያጣ ነው፤ ነገሩን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመረመረው የቼክ ሊቅ ፑርኪንዬ ነው። በእውነቱ የጨረቃ ብርሃን ተመልሶ የመጣ የፀሐይ ብርሃን ነው፣ እንዲያውም ቀለሙ ከፀሐይ ብርሃን ይልቅ ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላል፤ መጠኑ ወደ 4,100 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ይገመታል። ካሜራውን በዚህ ልክ ካደረጋችሁት ጠይም ቆዳ ጠይም፣ የቀይ ዳማ ቆዳም ቀይ ዳማ ሆኖ ይወጣል። ሌሊት መሆኑን ለማሳየት ምስሉን ሰማያዊ መንከር በፊልም ሥራ የተለመደ ነው፤ ይህን በሸክላ ሠሪ እናት ላይ ማድረግ ግን ስም አውጪዎቹን ማገዝ ነው። ሌሊቱን የሚነግሩ ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ ሰማዩ ላይ ያሉት ከዋክብት፣ የግድግዳው ጥቁር ጥላ፣ የጋቢው ጭር ያለ ንጣት። ልብ በሉ፤ የኮዳክ የቀለም መመዘኛ ካርዶች ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዙ ነበሩ፣ ጥቁር ቆዳ በፊልም ላይ ዝርዝሩን ያጣ የነበረውም በዚህ አሠራር ምክንያት ጭምር ነው። ዛሬም ጠቆር ያለ ፊት ከነጭ ጋቢ ጋር ሲቀርብ ካሜራው ለጋቢው ያደላል። ብርሃኑን ለፊቱ ለኩ፤ ጋቢው ጥቂት ቢነጣ ግድ የለም።

ፈቃድን በሚመለከት፣ ወረቀት ማስፈረም ብቻውን አይበቃም። ምስሉ የት የት እንደሚታይ በአማርኛ ጽፌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ በአዳራሽ፣ በመጽሔት፣ በማኅበራዊ መገናኛ፣ ወይም የትም ሳይወጣ በቤታቸው ብቻ የሚለውን እያንዳንዳቸው ለየብቻ መረጡ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሰደቡባቸው እናቶች ማኅበራዊ መገናኛውን አልፈለጉም፣ አንዷ ደግሞ እጇን ብቻ አስነሳች። ይህን ሁሉ ያለ ክርክር መቀበል ይገባል። ለወረዳው አስተዳደርና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ። እናቶቹን ከቤታቸው ወስዳችሁ እስከ ቤታቸው መልሱ፤ በእንጦጦ ወገን እውነተኛ ጅብ አለና ምሽት ላይ ማንም ብቻውን አይሂድ።

ይህ ሥራ የለውጥ ምልክት ነው እላለሁ፤ ይህን ለማለት የደፈርኩት በአንድ ምሽት ባየሁት ምክንያት ነው። ጋቢ ከሚይዙልን ሰዎች አንዷ ከባለእጅ ቤተሰብ ያልሆነች ጎረቤት ነበረች። ከሸክላ ሠሪዋ ጋር በአንድ እድር ውስጥ ለዓመታት ቢኖሩም፣ ልጇ ትንሽ ሳለ በዚያች ቤት ደጅ እንዳያልፍ ትከለክለው እንደነበረ ራሷ ከሸክላ ሠሪዋ አጠገብ ቆማ ተናገረች። ሸክላ ሠሪዋ «እንግዲያው ነይ አብረሽኝ ተነሺ» አለቻት። ጎረቤቲቱ ወዲያው አልተቀመጠችም፤ ምስሉን ዘመዶቿ እንደሚያዩት ታውቃለች። ጥቂት ቆይታ ተቀመጠች፣ ጀበናው በመካከላቸው ሆነ፣ ሁለቱም ስኒያቸውን ይዘው ወደ ሌንሱ አዩ። በኋላ ወንድሟ ክፉኛ እንደተቆጣት ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን ፈቃዷን አላነሳችም። ፎቶግራፍ የሰውን ልብ ይለውጣል ብዬ አልከራከርም። አብሮ ለመታየት መስማማት ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ያን ዋጋ ለመክፈል የፈቀደ ሰው መኖሩን ግን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ለኔ የምልክትነቱ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቲቱ ባትቀመጥ ኖሮ በእጄ የሚቀረው መልካም ብርሃን ያረፈባቸው የጥቂት እናቶች ምስል ብቻ ነበር።

ለማተም ስትደርሱ ምስሉ ወረቀት ላይ ከስክሪኑ ይልቅ እንደሚጨልም አስቡና ከማተማችሁ በፊት ጥላውን ጥቂት ከፍ አድርጉ። የማያብረቀርቅ ወረቀት ምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው በጥቁሩ ክፍል ላይ የተመልካቹን የራሱን ፊት ያሳያል። የመጀመሪያው ቅጂ ለተነሺዋ ይሰጥ፣ ዐውደ ርእይ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። እናቶቹ ምስሎቹ መጀመሪያ እንዲሰቀሉ የፈለጉት በዕቃ መሸጫቸው ግድግዳ ላይ ነበር፤ በየምስሉ ሥር የሚጻፈውን ቃል በመጀመሪያ የተቃወመችኝ ልጅ አዘጋጀችው፤ የእናቲቱ ስም እሷ ከፈቀደች፣ «ሸክላ ሠሪ» የሚለው የሙያ ስም፣ የምትታወቅበትም ዕቃ፣ ምጣድ ወይም ጀበና ወይም ጋን። አሁን ጀበና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ከምስሎቹ መካከል የሠራችው የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቃል፤ ልጅቷም ታሳየዋለች፣ ትእዛዝ ካለውም በሠሪዋ ስም ትመዘግባለች።